ዊሎቢ ዴይተን ሚለር

ዊሎቢ ዴይተን ሚለር (ኦገስት 1 ቀን 1853 – ጁላይ 27 ቀን 1907 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪምና የአፍ ባክቴሪያዎች ተመራማሪ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርንና ስታርችን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም ጥርስን እንደሚቦረቡር በሙከራ በማሳየቱ ነው። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በጀርመን አገር በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ዛሬ የአፍና የመንገጭላ በሽታዎችን ከባክቴሪያ ሳይንስ ጋር አያይዘው እንዲማሩ መንገዱን ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሚለር የተወለደው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1875 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ሄደ፤ ቀጥሎም ወደ በርሊን ተሻገረ። በነዚህ ዓመታት ያጠናው የተፈጥሮ ሳይንስን በተለይም ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ነበር። ይህ ዕውቀት በኋላ ለምርምሩ መሠረት ሆነው።

በበርሊን ሳለ ፍራንክ አቦት ከተባለ፣ በከተማዋ ይሠራ ከነበረ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ሚለር ወደ ጥርስ ሕክምና ያዘነበለው በዚህ ሰው አማካይነት ነው፤ የአቦትን ልጅ ካሮላይንንም አገባ። ሙያውን ለመማር ወደ አሜሪካ ተመልሶ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1879 በጥርስ ሕክምና ተመረቀ። ወዲያውም ወደ በርሊን ተመለሰ።

የጥርስ ሕክምና በዚያ ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥርስ ሐኪም ሥራ በአመዛኙ የእጅ ሙያ ነበር። የታመመ ጥርስ ይነቀላል፣ የተቦረቦረ ይሞላል፣ በወለቀው ቦታ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተካል። ጥርስ ለምን እንደሚቦረቦር ግን ስምምነት አልነበረም። ከጥንቷ ባቢሎን ጀምሮ በብዙ አገሮች ጥርስን የሚበላው ትል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እምነት በሐኪሞች ዘንድ ከቀረ በኋላም አንዳንዶቹ በሽታው ከጥርሱ ውስጥ የሚነሳ ቁስለት ነው ይሉ ነበር። ሌሎቹ ምክንያቱ ከውጭ የሚመጣ አሲድ ነው ሲሉ፣ የቀሩት ደግሞ በማይክሮስኮፕ የሚታዩትን ጥቃቅን ሕዋሳት ተጠያቂ ያደርጉ ነበር።

የክርክሩ መልስ ለብዙ ሕዝብ ያስፈልግ ነበር። ቀድሞ ውድ የነበረው ስኳር በዚያ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ እየረከሰና እየተስፋፋ መጥቷል። ከሸንኮራ አገዳ ሌላ ከቀይ ሥር ዝርያ ስኳር ማውጣት እንደሚቻል የታወቀውም እዚያው በርሊን፣ በ1747 ነበር። ስኳሩ በበዛ ቁጥር የተቦረቦረ ጥርስም በዛ።

የሚለር ሙከራዎች

ሚለር ወደ በርሊን የተመለሰው ከተማዋ የባክቴሪያ ሳይንስ ማዕከል በምትሆንበት ጊዜ ነው። ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀው በዚያ ነበር። ሚለር ባክቴሪያን ለይቶ የማራባትን ዘዴ ከኮኽ ቤተ ሙከራ ቀስሞ ለአፍ በሽታዎች ጥናት አዋለው። የኬሚስትሪ ዕውቀት ስለነበረውም ባክቴሪያዎቹን ከመቁጠር አልፎ ምን እንደሚያመነጩ መመርመር ቻለ።

ዋናው ሙከራው ቀላል ነበር። የተነቀሉ ጥርሶችን ወስዶ ምራቅና ዳቦ ወይም ስኳር በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ፤ ሙቀቱንም በሰው ገላ ሙቀት ልክ፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠበቀ። ከጊዜ በኋላ የጥርሶቹ ጠንካራ ክፍል ማዕድኑን እያጣ ለሰለሰ። በዳቦው ፋንታ ሥጋ ወይም ስብ ሲጨምር ግን ጥርሶቹ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ምራቁን አፍልቶ ባክቴሪያዎቹን ሲገድልም ዳቦው እያለ አሲድ አልተፈጠረም፤ ጥርሱም አልለሰለሰም።

ከነዚህ ውጤቶች ተነስቶ ሚለር የጥርስ መቦርቦር ሁለት ደረጃ እንዳለው አስረዳ። በመጀመሪያ ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ የቀረውን ምግብ አብላልተው ላክቲክ አሲድና ሌሎች አሲዶችን ያመነጫሉ፤ አሲዱ የጥርሱን የላይኛ ልባስ ማለትም ኢናሜልን፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያለውን ዴንቲን ያሟሟል። ከዚያ ባክቴሪያዎቹ በለሰለሰው ክፍል ገብተው የቀረውን ያፈርሳሉ። ይህ ማብራሪያ አሲድን ይከሱ የነበሩትንና ሕዋሳትን ይከሱ የነበሩትን አንድ ላይ ያስታረቀ ነበር። ለበሽታው ባክቴሪያ፣ ስኳርነት ያለው ምግብና አሲድ መገናኘት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ጥርስ አይቦረቦርም።

ሚለር ግኝቶቹን በ1889 በጀርመንኛ፣ በ1890 ደግሞ በእንግሊዝኛ በመጽሐፍ አወጣ። የአፍ ጥቃቅን ሕዋሳትን የሚመለከተው ይህ መጽሐፍ ከጥርስ መቦርቦር ባሻገር በአፍ በኩል ወደ ሰውነት የሚገቡ ሌሎች በሽታዎችንም ይዘረዝራል። ከነዚህም መካከል በመንገጭላ ላይ እብጠትና መግል የሚያስከትለው አክቲኖማይኮሲስ ይገኝበታል።

የማስተማር ሥራው

የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1884 የጥርስ ሕክምና ተቋም ሲከፍት፣ የውጭ አገር ሰው የሆነው ሚለር ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ያስተምር የነበረውም ጥርስን ሳይነቅሉ የማከሙን ክፍል ነበር። በ1887 ደግሞ በሕክምና የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። አንድ ሰው ኬሚስትሪንም፣ የጥርስ ሙያንም፣ አጠቃላይ ሕክምናንም መማሩ በጊዜው እምብዛም ያልተለመደ ነበር። ተማሪዎች ጥርስን እንዴት እንደሚሞሉ ብቻ ሳይሆን የሚሞሉት ቀዳዳ እንዴት እንደተፈጠረ እንዲያውቁ ያስቻለውም ይህ ዕውቀቱ ነው።

አፍ እንደ በሽታ መነሻ

በ1891 ሚለር አፍ ለሌላው የሰውነት ክፍል የኢንፌክሽን ምንጭ ሊሆን እንደሚችል የሚያትት ጽሑፍ አሳተመ። በተበላሸ ጥርስ ሥርና በድድ ውስጥ የተሸሸጉ ባክቴሪያዎች ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተሻግረው በሽታ ሊያስነሱ ይችላሉ አለ። መፍትሔው ግን ጥርሱን መንቀል እንዳልሆነ ያምን ነበር። የጥርሱን ሥር አጽድቶ በመሙላት ማዳን ይቻላል ሲል መክሯል።

ሐሳቡ ከእርሱ ሞት በኋላ ባላሰበው መንገድ ተወሰደ። በ1910 ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር በካናዳ ሞንትሪያል ባደረገው ንግግር በጥርስ ሐኪሞች ሥራ ስር ተሸፍኖ የሚቀረውን መግል አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያና በአሜሪካ ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ሁሉ ጥርስን መወንጀል ጀመሩ። ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለአእምሮ ሕመም ሳይቀር ጤነኛ ጥርሶች ጭምር ተነቀሉ። ጥርሳቸው የተነቀለባቸው ብዙ ሕመምተኞች እንዳልዳኑ ሲታይ ልማዱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እየተዳከመ ሄደ። በአፍ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ገብተው በተለይ የልብ ውስጠኛ ሽፋንን ሊመርዙ እንደሚችሉ ግን ዛሬም የታወቀ ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ክፍተቶች

ሚለር ሁሉንም ጥያቄ አልመለሰም። ጥርስን የሚቦረቡረው የተለየ ባክቴሪያ አለ ብሎ አላመነም፤ አሲድ የሚያመነጩት ሁሉ ተባባሪ ናቸው ይል ነበር። በሌላ በኩል ሊዮን ዊልያምስና ግሪን ቫርዲማን ብላክ የተባሉ አሜሪካውያን በ1890ዎቹ መጨረሻ በጥርስ ላይ የሚጣበቀውን የባክቴሪያ ንጣፍ ገልጸው ነበር፤ ሚለር ግን የዚህን ንጣፍ አስፈላጊነት ይጠራጠር ነበር። በዚህ ረገድ ትክክለኞቹ እነርሱ ሆነዋል። ንጣፉ አሲዱን በአንድ ቦታ አቅቦ ስለሚይዝ ምራቅ በቀላሉ አያጥበውም። ጥርስ በሁሉም በኩል በእኩል ሳይሆን ምግብና ንጣፍ በሚከማችበት ቦታ የሚቦረቦረውም ስለዚህ ነው።

በ1924 ክላርክ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተሰኘውን ባክቴሪያ ከተቦረቦረ ጥርስ ለይቶ አወጣ። በ1954 ደግሞ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት፣ ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦች ስኳር እየበሉም ጥርሳቸው እንደማይቦረቦር አሳየ። ሚለር በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያየው ነገር በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ተረጋገጠ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሚለር ከ1904 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። በሕይወቱ መጨረሻ ያጠናው የጥርስን መሸርሸር ነው። በሙከራውም ሸካራ የጥርስ ዱቄትና አጥብቆ መፋቅ ጥርስን ሊጎዱ እንደሚችሉ አሳየ። ውጤቱ የታተመው በ1907 ነው።

በዚያው ዓመት፣ በተማረበት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ዲን እንዲሆን የቀረበለትን ጥሪ ተቀብሎ ከረጅም ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሥራውን ሳይጀምር ግን በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና በኒውአርክ፣ ኦሃዮ አረፈ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። ገና ፔኒሲሊን አልተገኘም፤ በሆድ ዕቃ ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽን በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይገድል ነበር።

መታሰቢያ

ዓለም አቀፉ የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን ሽልማት በስሙ ሰይሞለታል። በኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲም ሐውልት ቆሞለታል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የጥርስ መቦርቦር ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእርሱ ሙከራ ነው። ጣፋጭ ነገር አዘውትሮ ከመብላት መቆጠብና ጥርስን በየዕለቱ ማጽዳት የሚለው ምክርም በሦስቱ ምክንያቶች ትስስር ላይ የቆመ ነው፤ ስኳሩ ሲቀንስ ባክቴሪያዎቹ ምግባቸውን ያጣሉ፣ ጥርስ ሲጸዳም ንጣፋቸው ይነሳል።