ፕሮፌሰር አብዱሰላም እና ማስረጃ የጠበቀው ስሌት

የፊዚክስ ሊቁ ፕሮፌሰር አብዱሰላም እ.ኤ.አ. በ1926 በፑንጃብ ተወለዱ፤ ያደጉትም ጃንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አካባቢው ያኔ በብሪታኒያ በምትገዛው ሕንድ ሥር ነበር፤ ዛሬ የፓኪስታን ነው። በ14 ዓመታቸው በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና እስከዚያ ድረስ ያልተመዘገበ ከፍተኛ ውጤት ሲያመጡ የከተማው ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው። በ1946 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ካምብሪጅ አቀኑ።

በ1951 ላሆር ተመልሰው ማስተማር ሲጀምሩ የጠበቃቸው ብቸኝነት ነበር። በሙያው የሚያወያያቸው ሰው አልነበረም፤ ኮሌጁም ከማስተማሩ ጎን የእግር ኳስ ቡድኑን እንዲመሩ አደረጋቸው። ከአገራቸውና ከሙያቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው በ1954 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በ1964 በጣሊያኗ ትሪዬስት ዓለም አቀፉን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ያቋቋሙት፣ የአፍሪካና የእስያ ተመራማሪዎች እንዲህ ካለው ምርጫ እንዲድኑ በማሰብ ነው።

በ1956 ኑትሪኖ ስለተባለው ቅንጣት ደፋር ሐሳብ መጣላቸው። አንጋፋው ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን ሐሳቡን አጣጥለው ሌላ የተሻለ ነገር እንዲያስቡ መከሯቸው። አብዱሰላም ለማሳተም አመነቱ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ የሙከራ ውጤት ሐሳባቸውን ሲደግፍ፣ ሌሎችም ያንኑ ይዘው ቀርበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንጋፋ ቃል ይልቅ የሙከራን ፍርድ መጠበቅ የመረጡ ይመስላል።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። ብርሃንን የሚገዛው ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይልና አንዳንድ አቶሞችን የሚያፈርሰው ደካማው ኃይል የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን፣ በ1967 ስቲቨን ዋይንበርግ፣ በ1968 ደግሞ አብዱሰላም በየፊናቸው አስረዱ፤ ሼልደን ግላሾው መንገዱን ቀደም ብለው ጠርገው ነበር። ስሌቱ ግን ማንም ያላያቸውን ዳብልዩ እና ዜድ የተባሉ ከባድ ቅንጣቶች ይጠይቅ ነበር። በ1973 በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል የዜድ ተዘዋዋሪ ምልክት ታየ። በ1979 ሦስቱ የኖቤል ሽልማትን ሲጋሩ፣ አብዱሰላምም በጥምጥምና በአገር ልብሳቸው ስቶክሆልም ሲቀርቡ፣ ቅንጣቶቹ ራሳቸው ገና አልተገኙም ነበር።

ካርሎ ሩቢያ ባቀረቡት ሐሳብና ሲሞን ቫን ደር ሜር በፈጠሩት ዘዴ፣ የሰርን ማፋጠኛ ፕሮቶንንና አንቲፕሮቶንን ፊት ለፊት ወደሚያጋጭ መሣሪያ ተለወጠ። እስከ 1982 መጨረሻ ከተካሄዱት አንድ ቢሊዮን ያህል ግጭቶች ስለ ዳብልዩ የመሰከሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዳብልዩ በቅጽበት ይፈርሳል፤ መሣሪያው የሚመዘግበው ከፍርስራሹ የወጣውን ኤሌክትሮን ብቻ ሲሆን፣ አብሮት የሚወጣው ኑትሪኖ ሳይታይ ያልፋል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ወገን ያለውን ጉልበት መዝነው በሌላው ወገን የጎደለውን አሰሉ፤ ሣጥኑን ቆጥሮ የጎደለውን ብር እንደሚያውቅ ነጋዴ። በ1983 ሁለቱም ቅንጣቶች ተገኙ፤ ክብደታቸውም ከፕሮቶን 86 እና 97 እጥፍ ገደማ፣ ከስሌቱ ጋር የሚስማማ ሆነ።

አገራቸው የሰጠቻቸው ክብር ግን ጎደሎ ነበር። በ1974 የፓኪስታን ፓርላማ የአሕመዲያ ማኅበረሰብን ሙስሊም አይደለም ብሎ ሲደነግግ፣ የማኅበረሰቡ አባል የነበሩት አብዱሰላም ከመንግሥት የሳይንስ አማካሪነታቸው ለቀቁ። የፓኪስታን ዜግነታቸውን ግን አልቀየሩም። በ1996 በኦክስፎርድ አርፈው በአገራቸው ተቀበሩ።

በዚያው በ1974 ከጆጌሽ ፓቲ ጋር ያቀረቡት ሌላ ሐሳብ እስከ ዛሬ ፍርድ ይጠብቃል። የአቶም እምብርት የተሠራባቸው ኳርኮችና እነ ኤሌክትሮን የአንድ ቤተሰብ አባላት ከሆኑ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሌፕቶኳርክ የተባለ ቅንጣት ሊኖር ይገባል። በሰርን ታላቁ የሃድሮን ማጋጫ የፕሮቶን ጥቅሎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ፤ ኮምፒዩተሮች ከዚህ እጅግ ጥቂቱን መርጠው ያስቀምጣሉ። አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ቡድኖች በዚህ ክምችት ውስጥ ሌፕቶኳርክን መፈለጋቸውን ቀጥለዋል፤ እስካሁን አላገኙትም።