ከሜዳ በፊት ደንብ፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና ባለው አገር፣ የገና ዕለት ጨዋታው ምን እንደሚመስል ያገሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዱላው ጫፉ የቆለመመ ነው፤ ተጫዋቹ ቁጥር የለውም፤ ሜዳውም ድንበር የለውም። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ጥንጓን ተከትለው ሲራወጡ ይውሉና፣ ማታ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። በዚያን ቀን ጌታም ቢሆን አይቆጣም ይባላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጨዋታው ከሰፈር ወጥቶ አገር ለአገር የሚገጥም ሲሆን ችግር ይመጣል። ስንት ሰው ይሰለፍ? ግብ የሚባለው የቱ ነው? ሲጣሉ ማን ይፍረድ? ለገና ጨዋታ ዛሬ በባህል ስፖርት ውድድር ደንብ ተጽፎለታል። አሜሪካኖችም ቤዝቦል ለሚሉት የዱላና የኳስ ጨዋታቸው አንድ የኒውዮርክ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1845 ደንብ ባይጽፍለት ኖሮ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ክለቦች ዛሬ ለብሔራዊ ሻምፒዮና ባልተጋጠሙም ነበር።

ለአገራችን ስፖርት ይህን የደንብና የማኅበር ሥራ ከሠሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሠሩትን ግን ብዙዎቻችን ዋንጫ ከማምጣት ጋር ብቻ እናያይዘዋለን።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በቅኔና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ወደ ኳሱ አዘነበሉ። በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች በተቋቋመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱ። የብሔራዊ ቡድኑንም ማልያ 15 ጊዜ ለብሰዋል።

ክለቡ ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። የኢጣልያ መንግሥት ስፖርትን አልከለከለም፤ ነገር ግን የራሱን ሰው ለብቻ፣ ያገሩን ተወላጅ ለብቻ ከፍሎ አጫወተ። የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ለውጦ በራሱ ቋንቋ ሰየመው። ኢትዮጵያዊው ወጣት ከጣሊያኑ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይገጥም የተከለከለው ምናልባት ቢያሸንፍስ ተብሎ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ዘመን ያደጉት ይድነቃቸው አንድ ነገር ተምረዋል ብንል አንሳሳትም፤ ይኸውም ማን ከማን ጋር ይጫወት የሚለው ጥያቄ የኳስ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ከነጻነት በኋላ ይድነቃቸው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ የኢትዮጵያን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። የብዙ ስፖርቶችንም ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ማንም በትከሻው ተሸክሞ አያዞርበትም። ነገር ግን ዳኛው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ሕግ ብቻውን የሚያውቅ፣ ተጫዋቹ የማያውቅ ከሆነ፣ ፊሽካው የጉልበት ድምፅ እንጂ የሕግ ድምፅ አይሆንም። ደንቡ ባማርኛ ሲጻፍ ግን ተጫዋቹም ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1944 ተደረገ። የገቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ለብቻህ ተጫወት የተባለው ኢትዮጵያዊ አሁን ከጣሊያኑም ከእንግሊዙም ጋር በአንድ ደንብ መግጠሙ ነው። ሁለተኛው፣ የአገር ሻምፒዮና ቢባልም አምስቱም ቡድኖች በአዲስ አበባ የሚኖሩ ሰዎች ቡድኖች መሆናቸው ነው፤ ጎጃምም ሆነ ሌላው ጠቅላይ ግዛት አልነበረበትም። መሠረቱ ተጣለ እንጂ ቤቱ ገና አልተሠራም ነበር።

የይድነቃቸው አቋም ከሁሉ ይበልጥ የተፈተነው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋምና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመጫወት ተነሥተው ነበር። የኢትዮጵያ መልእክተኛ እሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅዬ አላሰልፍም አለች፤ የቀሩት ሦስቱም እንዲህ ከሆነ ከውድድሩ ውጪ ብለው አሰናበቷት። ኢትዮጵያ ልትገጥም የነበረው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በውጤት ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይህ የሚያኮራ ጉዞ አይደለም። ነገር ግን የፊፋ ማኅበር ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ ያስወጣው በ1968 ዓ.ም. ነው። ሦስቱ ድሆች አገሮች በካርቱም የወሰኑትን የዓለም ማኅበር እስኪደርስበት 19 ዓመት ፈጅቶበታል።

የውጤቱ ቀን ደግሞ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም መጣ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናቸው ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥቶ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከግብ አግቢዎቹ አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ እሱም አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ የአስመራ ልጅ ነበር። ባንድ ዘመን ዘር ለይቶ ያጫወተው ሜዳ በዚያ ቀን የዘር ጥያቄ አላነሣም። አገራችን ያን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ይበልጡን ጠረጴዛ ሆነ። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለተደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ስላልተሰጣት አገሮቿ አንሄድም ሲሉ፣ ከተሟገቱት ዋነኞች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ለ1962ቱ ዋንጫ አንድ ቦታ ተገኘ። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በእሳቸው ዘመን፣ ለ1974ቱ ዋንጫ፣ ቦታው ሁለት ሆነ። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እንግዲህ ይህ ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይነግረናል? የኮሌጅ ክለብ እንዴት እንደሚሞት ሁላችንም አይተናል። ደንቡ ባንድ ብርቱ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ይኖራል፤ ገንዘቡ በኪሱ፣ የተጫዋቾቹ ስም በደብተሩ ጀርባ። ልጁ ሲመረቅ ክለቡም አብሮት ይመረቃል። ከሌላ ኮሌጅ ጋር በተጋጠምን ጊዜም ጠቡ የሚነሣው በኳሱ አይደለም፤ ያ ልጅ ተማሪ ነው ወይስ አይደለም፣ ዳኛው የማን ወገን ነው በሚለው ነው። እነዚህ ሁሉ ከጨዋታው በፊት በወረቀት ላይ ያልተጨረሱ ነገሮች ናቸው። ሽንፈቱም ያን ያህል የሚመረን ደንቡን አስቀድመን ስላልተስማማንበት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ኳሱን መምታት ያውቁ ነበር፤ ይህን የሚያውቁ ብዙዎች ነበሩ። እሳቸውን ከብዙዎቹ የለያቸው፣ ያለ ጭብጨባ ቁጭ ብለው ደንብ መተርጎማቸውና ያ ደንብ በጎዳቸውም ቀን ሳይለውጡት መቆማቸው ነው። ከኛ መካከል አምበል ለመሆን የሚፈልግ አይጠፋም፤ ክለቦቻችን አሁን አጥብቀው የሚፈልጉት ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ ነው።