የካርቱሙ አክሮፖል ሆቴልና መሥራቹ ፓናጊስ ፓጉላቶስ

የማኅበራችንን የኢዮቤልዩ መጽሔት ስናዘጋጅ ሐበሻ ስላልሆኑ አንድ ሰውም ለመጻፍ ወደድን። እኚህ ሰው በካርቱም መሐል ከተማ አክሮፖል ሆቴልን ያቋቋሙት ግሪካዊው ፓናጊስ ፓጉላቶስ ናቸው። ሆቴሉን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ የሰውየውን ታሪክ ግን ልጆቻችን አልሰሙትም።

ፓናጊስ የግሪክ ደሴት የከፋሎንያ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግሪክን ባደቀቀበት ዘመን ኑሮ ፍለጋ ወደ ሱዳን መጡ። በጊዜው አገሩን የምታስተዳድረው እንግሊዝ ስለነበረች በእንግሊዞች መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በትርፍ ሰዓታቸውም የሰው ሒሳብ እየሠሩ ገንዘብ አጠራቀሙ። መጀመሪያ የከፈቱት የምሽት ክበብ ከገዢው ቤተ መንግሥት አጠገብ ስለነበር በጩኸቱ ምክንያት ተዘጋባቸው ይባላል። እኛም በሰው አገር ሱቅ ከፍተን የኖርን ስለሆንን ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቆርጡ የመጠጥ መሸጫ ከፈቱ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1952 ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፍሎራ ጋር አክሮፖልን አቋቋሙ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ፍሎራና ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ አትናሲዮስ፣ ጌራሲሞስና ጆርጅ፣ ሥራውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የሸሪዓ ሕግ ታውጆ መጠጥ ሲከለከል የገቢያቸው አንዱ በር ተዘጋ። በ1984 እና በ1985 በአገራችን በደረሰው ረሀብ ወገኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደዱ ግን የእርዳታ ሠራተኞች ማረፊያ አክሮፖል ሆነ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍም እዚያ አርፏል። ቤተሰቡ መኝታ ከማከራየት አልፎ ቴሌክስ ይልክላቸው፣ የጉዞ ፈቃድ ያስጨርስላቸው ነበር። በዚያ እርዳታ ከዳነው መካከል የእኛም ዘመድ አለ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1988 በሆቴሉ ምግብ ቤት ቦምብ ተጥሎ አምስት እንግሊዛውያንና ሁለት ሱዳናውያን ሞቱ። ቤተሰቡ አዝኖ አልቀረም፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሥራውን ቀጠለ። በመጨረሻ የዘጋው በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም ነበር።

በዚያው ጦርነት እኛም ሱቃችንን ቆልፈን፣ ቁልፉን ኪሳችን ከትተን ወጣን። ዕቃው ይኑር አይኑር ያየነው የለም። ልጆቻችን እንመለሳለን ወይ ብለው ሲጠይቁን መልሱ ይቸግረናል። ስለዚህ የፓናጊስን ታሪክ እንነግራቸዋለን፦ ከጦርነት ወጥተው ባዶ እጃቸውን መጡ፣ የመጀመሪያው በር ተዘጋባቸው፣ ሌላ ከፈቱ፣ ልጆቻቸውም ጠበቁት። ካርቱም ብንመለስም፣ ባለንበት ብንቀርም ይኸው ይጠቅመናል።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ለሱዳንም ሰላሙን ያውርድልን።