ሲንጀር ማን ነበር?

በነቀምቴ፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በገበያ ቀን ስናልፍ፥ ልብስ ሰፊዎች በየበረንዳው ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው ሲያስኬዱ እናያለን። ከአሮጌዎቹ ጥቁር መኪናዎች ሲንጀር የሚል ስም የተጻፈባቸው አሉ። ለመሆኑ ይህ ስም የማን ነው?

አይዛክ ሲንጀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1811 በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በ12 ዓመቱ ገደማ ከቤቱ ወጥቶ የብረት ሥራንና ቲያትርን እያፈራረቀ ኖረ። በ1839 በሠራው የድንጋይ መቦርቦሪያ 2,000 ዶላር ቢያገኝም ገንዘቡን በቲያትር ጨረሰው።

በ1850 በቦስተን ከተማ ሥራ የሚያስቸግር አንድ የስፌት መኪና አየ። የመኪናው መወርወሪያ በክብ ይዞር ስለ ነበር በየዙሩ የክሩን ፍትል ያላላ ነበር። ሲንጀር ግን መወርወሪያው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እንዲመላለስ፥ መርፌውም ቀጥ ብሎ ከፍ ዝቅ እንዲል አሰበ።

ነገር ግን መንኮራኩር የሚያውቀው መዞርን ብቻ ነው። መዞሩ እንዴት ወደ መመላለስ እንደሚለወጥ በበረንዳው መኪና ላይ ማየት እንችላለን። እግር መርገጫውን ሲረግጥ ትልቁ መንኮራኩር ይዞራል፤ ጠፍሩም ከላይ ያለውን ትንሽ መንኮራኩርና ዘንጉን ያዞራል። በዘንጉ ጫፍ፥ ከመካከሉ ፈንጠር ብሎ የተተከለ ጣት የሚመስል ብረት አለ። እርሱ ሲዞር ከፍ ዝቅ ይላል። ከእርሱ ጋር የተያያዘው መርፌ ያዥ በቀጥተኛ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚያልፍ መዞር አይችልም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይመላለሳል። አንዱ ዙር አንድ ስፌት ይሆናል።

ሲንጀር በ1851 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሆኖም ጫፉ ቀዳዳ የሆነውን መርፌ ከመወርወሪያ ጋር አጣምሮ በ1846 ያስመዘገበ ኤልያስ ሃው የሚባል ሌላ ድሃ ሰው ነበረ። ሃው ከሰሰ፤ ሲንጀርም በ1854 15,000 ዶላር ከፈለ። በ1856 ባለ መብቶቹ ተስማሙ። በዚያው ዓመት የሲንጀር ኩባንያ መኪናውን ቀስ በቀስ በሚከፈል ዋጋ መሸጥ ስለ ጀመረ፥ ገንዘብ ያነሰውም ሰው ሊገዛው ቻለ።

ሲንጀር በ1875 በእንግሊዝ አገር ባለጸጋ ሆኖ ሞተ። በስውር ከአንድ በላይ ቤተሰብ ያኖር ስለ ነበር የቤት ኑሮው ለእኛ ለወጣቶች አርአያ አይሆንም። የእጁ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የብዙ ልብስ ሰፊዎች እንጀራ ነው። እኛም በመኪናው ላይ የሲንጀርን ስም ባነበብን ጊዜ፥ ስሙ ያልተጻፈውን የሃውን ድካም አብረን ልናስብ ይገባናል።