ቢስማርክን ያሳደደው አድሚራል ጆን ቶቪ

ዛሬ በታሪክ ሰዎች አምዳችን የእንግሊዛዊውን አድሚራል የጆን ቶቪን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ጆን ቶቪ በ1885 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኬንት በሚባል አካባቢ ተወለደ። ለቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ነበር። የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ሲገባ ገና 14 ዓመቱ ነው። አስቡት፣ የእኛን እኩያ ማለት እኮ ነው!

በ1916 በጁትላንድ ውጊያ ላይ የአንዲት ትንሽ የጦር መርከብ አዛዥ ነበር። መርከቧ ክፉኛ ብትመታም እሱ አልሸሸም፤ በጠላት መርከቦች ላይ ቶርፒዶ ተኮሰ። በዚህም ተሸለመ።

ዋናው ታሪክ የመጣው ግን በ1941 ነው። ቢስማርክ የምትባለው የጀርመን የጦር መርከብ 251 ሜትር ትረዝማለች፤ ከሁለት የኳስ ሜዳ በላይ ማለት ነው። ወደ አትላንቲክ የወጣችው ለእንግሊዝ ምግብና ዕቃ የሚያመጡ መርከቦችን ለማስጠም ነበር። ሜይ 24 ቀን ሁድ የተባለችውን ትልቅ የእንግሊዝ መርከብ በደቂቃዎች ውስጥ አሰጠመቻት። ከ1,400 በላይ ሰዎች ውስጥ የተረፉት 3 ብቻ ናቸው።

ቶቪ የመርከቦቹ ሁሉ አዛዥ ስለነበር አሳደዳት። ቢስማርክ ግን ተሰወረች። ያለችበት ቦታ በስህተት ስለተሰላ ቶቪ ለብዙ ሰዓታት በተሳሳተ አቅጣጫ ሄደ። ነዳጁም እያለቀ ነበር። በ26ኛው ቀን አንድ አውሮፕላን አገኛት። ማታ ላይ ደግሞ አሮጌ አውሮፕላኖች በቶርፒዶ መሪዋን መቱባት። ከዚያ በኋላ ወደፈለገችበት መዞር አቃታት። በማግስቱ የቶቪ መርከቦች ደርሰው ደበደቧትና ሰጠመች። ከ2,000 በላይ ጀርመናውያን ሞቱ። ቶቪ ግን ጠላቶቹ በጀግንነት መዋጋታቸውን መስክሮላቸዋል።

ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ሁድ ስትሰጥም ውጊያውን አቋርጣችኋል ተብለው ሁለት የቶቪ የበታች መኮንኖች ሊከሰሱ ነበር። ቶቪ ሥልጣኔን ለቅቄ ፍርድ ቤት ቆሜ እከራከርላቸዋለሁ እንዳለ ይነገራል። ክሱም ቀረ። ቶቪ በ1971 ዓረፈ።

እኔን የገረመኝ መድፉ ሳይሆን ይሄ የመጨረሻው ነው። እኛ የክፍል አለቃ ስንሆን ራሳችንን ለማዳን የጓደኛችንን ስም ቶሎ ጽፈን እንሰጣለን። እሱ ግን ለበታቾቹ ሲል ሥልጣኑን ሊያጣ ተዘጋጀ። እውነተኛ አለቃ እንዲህ ነው!



ከ7ኛ ለ ክፍል