ዶክተር አለን ዊፕል እና የቆሽት ጉቶ

ስማቸው ከአንድ የቀዶ ጥገና ዓይነት ጋር ተጣብቆ የቀረ ሐኪሞች በሙያችን ውስጥ ጥቂቶች አይደሉም። ዶክተር አለን ኦልድፋዘር ዊፕል ከእነዚሁ አንዱ ሲሆኑ፣ የሚታወሱት የቆሽትን ራስ ከዱዎዲነም ጋር ቆርጦ በሚያወጣው ከባድ ሥራ ነው። እኔ እንደማምነው ግን ለረጅም ዓመታት የፈተናቸው ቆርጦ ማውጣቱ ሳይሆን በሆድ ውስጥ የሚቀረው የቆሽት ጉቶ ነበር።

ዊፕል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 በፋርስ አገር፣ በኡርሚያ ከተማ፣ ከአሜሪካውያን የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን ተወለዱ። በ1904 ከፕሪንስተን፣ በ1908 ከኮሎምቢያ የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ ከ1921 እስከ 1946 ድረስም በኮሎምቢያ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ሆነው በኒው ዮርክ ከተማ አስተማሩ፣ አከሙም።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው አልነበሩም። ጣሊያናዊው ኮዲቪላ በ1898 ሞክሮታል፤ ጀርመናዊው ካውሽም በ1909 በሁለት ደረጃ ከፍሎ ተሳክቶለታል። ይሁን እንጂ ሥራው ተስፋፍቶ የብዙዎች ሊሆን አልቻለም ነበር።

በ1934 ዊፕል የቫተር አምፑላ ነቀርሳ ለያዘው ታማሚ ቀዶ ጥገና አደረጉ። ታማሚው ከ30 ሰዓት ገደማ በኋላ አረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር ስፌቱ ተፈትቶ ተገኘ። ምክንያቱ ክሩ ነበር። በዚያ ዘመን በሰፊው የሚሠራበት ካትገት ከእንስሳት አንጀት የሚዘጋጅ በመሆኑ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲንን ማፍረስ ደግሞ የቆሽት ኤንዛይሞች የተፈጥሮ ሥራቸው ነው። እንግዲህ ሐኪሙ የሰፋውን ስፌት ታማሚው ራሱ ሥጋ እንደሚፈጭ አድርጎ ፈጨው ማለት ነው። ዊፕል ይህን ሞት በክፉ ዕድል አላመካኙም፤ ካትገቱን ትተው ወደ ሐር ክር ተመለሱ። ተከታዮቹ ሁለት ታማሚዎች ከቀዶ ጥገናው ተርፈው ለወራት ኖሩ። የሦስቱም ታሪክ፣ የሟቹ ጭምር፣ ከፓርሰንስና ከመሊንስ ጋር በ1935 ታትሞ ወጣ። የሞተውን አስቀርቶ የዳኑትን ብቻ ማተም በየትኛውም ዘመን ቀላል እንደነበር ለባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ሆኖም ክሩ መለወጡ ችግሩን በሙሉ አልፈታውም። በመጀመሪያ ሥራዎቻቸው የቆሽቱን ቱቦ ቋጥረው ጉቶውን ይዘጉት ነበር። የተዘጋው ጉቶ ግን ጭማቂውን ማመንጨቱን አያቆምም፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽ ቋጠሮውን ጥሶ በሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ፊስቱላ ይፈጠራል፣ መግል ይቋጥራል፣ ሲብስም የደም ሥርን ግድግዳ በልቶ ታማሚውን በድንገተኛ ደም መፍሰስ ይገድላል። ቢድን እንኳ ጭማቂው አንጀት ስለማይደርስ የበላው ስብ አይፈጭለትም። ስለዚህ ዊፕል በ1940ዎቹ መዝጋቱን ትተው ጉቶውን ከጄጁነም ጋር ወደ ማያያዝ ዞሩ። ለፈሳሹ መንገድ መስጠት እሱን ከመገደብ እንደሚሻል የተረዱት ከገዛ ሥራቸው ውጤት ነው።

በመጋቢት ወር 1940 ደግሞ የጨጓራ ነቀርሳ አለበት ተብሎ የታሰበን ታማሚ ሆድ ሲከፍቱ እጢው በቆሽት ራስ ላይ ተገኘ። በሐሞት መታገድ ቢጫ ያልሆነ ታማሚ ነበርና ሁለት ደረጃ ማድረጉን ትተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈጸሙት፤ ታማሚውም ለዓመታት ኖረ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ቪታሚን ኬ በሥራ ላይ በመዋሉ፣ ቢጫ የሆኑ ታማሚዎችን ያሰጋ የነበረው የደም አለመርጋት ተቃለለ። በኢንሱሊን አመንጪ እጢ ላይ የሚታወቀው ሦስትዮሽ ምልክትም በስማቸው ይጠራል፤ እሱ ግን ሌላ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

ዊፕል በዕድሜያቸው የሠሩት የዚህ ቀዶ ጥገና ብዛት 37 ብቻ ነበር። ዛሬ ብዙ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ሞቱ ከመቶ 5 በታች ወርዷል፤ የጉቶው መፍሰስ ግን ከ10 ታማሚዎች ከአንድ በላይ በሚሆኑት ላይ አሁንም ይታያል። ለስላሳ ቆሽትና እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ በእጁ የገባ ሐኪም ምክንያቱን ያውቃል፤ መርፌው ሥጋውን ይቀድደዋል እንጂ አይዘውም። መፍሰሱ የሚለካበት የጋራ ትርጉም እንኳ የተገኘው በ2005 ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በማፍሰሻ ቱቦ የሚወጣው ፈሳሽ አሚሌዝ በደም ውስጥ ካለው መደበኛ ከፍተኛ ልክ ከሦስት እጥፍ ሲበልጥ ማለት ነው።

ዶክተር ዊፕል በሚያዝያ ወር 1963 በፕሪንስተን አረፉ። ስለ ቁስል አጠጋገንና አጠጋገግ ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው በዚያው ዓመት ነበር።