ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፤ ከሩስያው ፓትርያርክ ከኒኮን ሕይወት የምንማረው

በዓለም ላይ ሥርዓት የሌለው ሕዝብ አይገኝም። ልጁን የሚድርበት፥ ሙታኑን የሚቀብርበት፥ አምላኩን የሚለምንበት ከአባቶቹ የተቀበለው ወግ ለእያንዳንዱ ሕዝብ አለው። አይሁድ በፋሲካ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ከግብጽ የወጡበትን ሌሊት ለልጆቻቸው ይተርካሉ፤ የቻይና ሕዝብ በጸደይ ወራት የአባቶቹን መቃብር ይጠርጋል፤ እኛም በከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅበን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ እንወርዳለን። ይህም የሆነበት ምክንያት ሰው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ሥጋም ስለ ሆነ ነው። በልቡ ያመነውን በጉልበቱ ሰግዶ፥ በእጁ አማትቦ፥ በአንደበቱ ዘምሮ ይገልጠዋል። ስለዚህ ሥርዓትን የሚነካ ሰው የሕዝቡን ልብ እንደሚነካ ማወቅ አለበት።

ይህንም ነገር በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሩስያ ፓትርያርክ የኒኮን ሕይወት አጉልቶ ስለሚያሳየን፥ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ ከተለዩት ወገን ብትሆንም፥ የደረሰባት መከራ ግን ለእኛም ትምህርት ይሆናል። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኒኮን በ1605 ዓ.ም. በኒዥኒ ኖቭጎሮድ አውራጃ ቬልዴማኖቮ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደ። የልጅነት ስሙ ኒኪታ ይባል ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተችበት በእንጀራ እናት እጅ ብዙ ጭንቅ አይቶ አደገ። ገና ልጅ ሳለም ከቤቱ ወጥቶ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወደሚገኝ ገዳም ገብቶ መጻሕፍትን ተማረ። ኋላም ተመልሶ ሚስት አገባ፥ ቅስናም ተቀብሎ በሞስኮ አገለገለ። ነገር ግን የወለዳቸው ሦስት ልጆች ሁሉም ሞቱበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ሚስቱ በሞስኮ ባለ ገዳም መነኮሰች፤ እርሱም ወደ ሰሜን ጫፍ ሄዶ በነጭ ባሕር ውስጥ ከሶሎቬትስኪ ደሴቶች በአንዲቱ መንኵሶ ኒኮን ተባለ።

በ1646 ዓ.ም. ለገዳም ጉዳይ ወደ ሞስኮ በመጣ ጊዜ ወጣቱ ንጉሥ አሌክሲስ አይቶ ወደደው። በ1649 ዓ.ም. የኖቭጎሮድ ሜትሮፖሊት ሆነ፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ለፓትርያርክነት ተመረጠ። ኒኮን ግን ሹመቱን እንቢ አለ። ንጉሡና መኳንንቱ በቤተ ክርስቲያን ተደፍተው ከለመኑትና በመንፈሳዊ ነገር ሁሉ ሊታዘዙት ከማሉለት በኋላ ብቻ ተቀበለ። ይህ መሐላ ለኋላው መከራ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ እንመለከታለን፤ በመሐላ የታሰረ ታዛዥነት በትምህርት እንደ ተገኘ ታዛዥነት አይደለምና።

በዚያ ዘመን የሩስያና የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት አንድ ሆነው ሳለ በሥርዓት ተለያይተው ነበር። ሩስያውያን በሁለት ጣት ሲያማትቡ ግሪኮች በሦስት ጣት ያማትቡ ነበር። በሩስያ ሃሌ ሉያ ሁለት ጊዜ ሲባል በግሪክ ሦስት ጊዜ ይባል ነበር። ዑደት በሚደረግበት አቅጣጫ፥ በመሥዋዕቱ ኅብስት ቍጥር፥ በጌታችን ስም አጻጻፍ እንኳ አንዲት ፊደል በመጨመርና በመቀነስ ይለያዩ ነበር። የሩስያ ሕዝብ ክርስትናን በ988 ዓ.ም. ከቁስጥንጥንያ ከተቀበለ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። በ1551 ዓ.ም. በሞስኮ የተደረገውም ጉባኤ በሁለት ጣት ማማተብን አጽንቶ፥ ይህን የማያደርገውን አውግዞ ነበር። ቁስጥንጥንያም በ1453 ዓ.ም. በቱርኮች እጅ ከወደቀች ወዲህ ብዙ ሩስያውያን ንጹሑን ሃይማኖት የጠበቅን እኛ ብቻ ነን ብለው ያምኑ ነበር።

ኒኮን መጻሕፍቱ ይታረሙ፥ ሥርዓቱም ከግሪኮች ጋር አንድ ይሁን ማለቱ ብቻውን የሚነቀፍ አሳብ አልነበረም። የሚነቀፈው ያደረገበት መንገድ ነው። በ1653 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፥ ሕዝቡን ሳያስተምርና ጉባኤ ሳይጠራ፥ በቅዱስ ኤፍሬም ጸሎት የሚሰገደው ስግደት እንዲቀነስ፥ ማማተብም በሦስት ጣት እንዲሆን አዘዘ። ይህን የተቃወሙት አስቀድሞ ወዳጆቹ የነበሩ ካህናት ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ሊቀ ካህናት አቫኩም ነበር፤ ስሙም በእኛ ዕንባቆም ማለት ነው። ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሳይቤርያ ተጋዘ፥ በዚያም ሁለት ልጆቹ ሞቱበት።

በዚህ መካከል ኒኮን ስለ ሥርዓቱ ልዩነት ወደ ቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ወደ ጳይስዮስ ጽፎ ጠይቆ ነበር። በ1655 ዓ.ም. የደረሰው መልስ የአባት ምክር ነበረበት፤ ይኸውም የሃይማኖት መሠረት እስካልተነካ ድረስ በጥቃቅን ሥርዓት መለያየት አንድነትን እንደማያፈርስ የሚያስረዳ ነው። ኒኮን ግን ምክሩን አልተከተለም። በ1656 ዓ.ም. በሁለት ጣት የሚያማትቡት ሁሉ ተወገዙ። የሚያስደንቀው ነገር፥ የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ቆይተው እንደ መረመሩት፥ በሁለት ጣት ማማተብ ሩስያውያን የፈጠሩት ስሕተት ሳይሆን ከግሪኮች ጥንት የተቀበሉት ልማድ ነበር፤ የተለወጡት ግሪኮች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የንጉሡና የፓትርያርኩ ፍቅር ቀዘቀዘ። ኒኮን ክህነት ከመንግሥት በላይ ነው በማለቱ መኳንንቱ ጠሉት፤ ንጉሡም እርሱ ወደሚቀድስበት መምጣት ተወ። በሐምሌ 1658 ዓ.ም. ኒኮን ቅዳሴውን ከፈጸመ በኋላ ልብሰ ክህነቱን አውልቆ፥ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ብሎ ወደ መሠረተው ገዳም ሄደ። በዚያም ከሠራተኞች ጋር ጡብ እየተሸከመ ይኖር ነበር። መንበሩን ከመተው ጥቂት ቀደም ብሎም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ከሆነው ከሊቀ ካህናት ኔሮኖቭ ጋር ታርቆ፥ በአሮጌውም በአዲሱም መጽሐፍ መቀደስ እንደሚቻል ፈቅዶለት ነበር። እንግዲህ ብዙ ሰው ከተሰደደና ከታሰረ በኋላ፥ ሁለቱም መልካም እንደ ሆኑ ራሱ መመስከሩ ነው። ምነው ይህን አስቀድሞ ባሰበው!

ነገሩ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1666 ዓ.ም. የእስክንድርያና የአንጾኪያ የግሪክ ፓትርያርኮች የተቀመጡበት ጉባኤ ኒኮንን ሽሮ እንደ ተራ መነኵሴ ወደ ፌራፖንት ገዳም አጋዘው። ያው ጉባኤ በ1667 ዓ.ም. የሥርዓቱን ለውጥ አጽንቶ እንቢ ያሉትን አወገዘ። ኒኮን የመነኰሰበት የሶሎቬትስኪ ደሴቶች ታላቅ ገዳም አዲሶቹን መጻሕፍት አልቀበልም ስላለ ከ1668 እስከ 1676 ዓ.ም. በንጉሡ ጦር ተከብቦ ተያዘ፥ ከመነኮሳቱም ብዙዎቹ አለቁ። አቫኩም በ1682 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ። ከዚያም ወዲህ ጭፍሮች ሲመጡባቸው ራሳቸውን በቤት ዘግተው ያቃጠሉት በሺህ ይቈጠራሉ።

ኒኮን በስደቱ ሕሙማንን እየረዳ ኖረ። በ1681 ዓ.ም. ንጉሥ ቴዎድሮስ አሌክሲስ ወደ ገዳሙ እንዲመለስ ስለ ፈቀደለት በቮልጋ ወንዝ በታንኳ ሲጓዝ፥ ሕዝቡ በወንዙ ዳር እየወጣ በረከት ይለምነው ነበር። ነገር ግን ገዳሙ ሳይደርስ በያሮስላቭል አጠገብ ነሐሴ 17 ቀን ዐረፈ። በሠራው ገዳም ተቀበረ፤ በሚከተለውም ዓመት የምሥራቅ ፓትርያርኮች ማዕርጉን መለሱለት። በአሮጌው ሥርዓት ላይ የወደቀው ግዝት ግን በሞስኮ ጉባኤ የተነሣው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1971 ዓ.ም. ነው። ግዝቱ ቢነሣም ከተለዩት ወገኖች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ጣት ምን ያህል ነገር ነው ብሎ ሥርዓትን የሚንቅ ሰው የሰውን ልብ አያውቅም። በእኛም አገር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አልፎንሱ ሜንዴዝ ጥምቀቱን፥ ክህነቱን፥ ጾሙንና በዓላቱን በሮም ሥርዓት ለመለወጥ በግድ በተነሣ ጊዜ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ፥ በ1632 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት እስኪመለስ ድረስ ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ተጨነቀ እናውቃለን። ሁለተኛው፥ ሥርዓት ሃይማኖትን ይጠብቃል እንጂ ራሱ በሃይማኖት ቦታ አይቀመጥም። የቤተ ልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብርና የተጉለት ዜማ በስልት ሲለያይ መምህራኑ አንዱ ሌላውን መናፍቅ አይሉም፤ ሁሉም በአንድ መቅደስ ያመሰግናሉ።

እንግዲህ እኛ ካህናት የምናርመው ነገር ባለ ጊዜ አስቀድመን እናስተምር፥ ከሊቃውንት ጋር እንምከር፥ ሽማግሌውና ባልቴቷ ነገሩን እስኪረዱት እንታገሥ። ምእመናንም ከአባቶች የተቀበሉትን ሲጠብቁ ወንድማቸውን አይጥሉ። ኒኮን መጽሐፍ አረመ፥ መንጋውን ግን በተነ። ከዚህ ያለ ፈተና ቸሩ አምላካችን ይጠብቀን። አሜን።